ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ጎን ከመጫናችሁ በፊት



ለእረፍት ወደ ቢቸናና ሞጣ ስትገቡ ኡቡንቱ ለመጫን ያሰባችሁ ወንድምና እህቶች፣ መጫኑ ቀላል ነው፤ የሚያሰጋው የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ነው። በየማማ ጦርነት ብዙ ሐፊዞች ሸሂድ ሲሆኑ አቡበክር (ረ.ዐ) ቁርኣን በጽሑፍ እንዲሰበሰብ አዘዙ፤ ዑስማን (ረ.ዐ) ደግሞ ቅጂዎቹን ወደየከተማው ላኩ። እኛም አንድ ቅጂ በኤክስተርናል፣ ሌላ ከቤት ውጭ ወይም በጉግል ድራይቭ እንያዝ። እዚያው ላፕቶፕ ላይ «ዲ» ውስጥ ያለው ቅጂ አይባልም፤ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይሄዳል። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ፋይሉን ከፍታችሁ እዩት።

ከዚያ በዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት «ሲ»ን አሳንሳችሁ 50 ጊጋባይት ያህል ባዶ ተዉ። ፋስት ስታርታፕን አጥፉ፤ ቢትሎከር ካለ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉ። ኡቡንቱን በሩፈስ ፍላሽ ላይ አዘጋጁ። ሲጫን «ከዊንዶውስ ጎን» የሚለውን ምረጡ፤ «ዲስኩን አጥፋ» የሚለውን የነካ ሁሉንም ያጣል። ዲስኩ እየተከፈለ መብራት ከሄደ አደጋ ነውና ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ይዛችሁ አትጀምሩ፤ ግቢ ሳላችሁ ብትጨርሱት ይሻላል።

ዊንዶውስ የኡቡንቱን ክፍል በራሱ አያነብም፤ ኡቡንቱ ግን የዊንዶውስን ያነባል። የጋራ ፋይሎቻችሁን በዊንዶውስ በኩል አስቀምጡ።