የቆየ የሒሳብ ፕሮግራም ወደ አዲሱ ፓይተን ሲዛወር

በየመጋዘኑ ካሉት የሒሳብ ፕሮግራሞች መካከል ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ በሁለተኛው እትም የተጻፉ ይገኛሉ። ሦስተኛው እትም በኅዳር ወር 2001 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ለሁለተኛው ይደረግ የነበረው እድሳትና ጥበቃም ከታኅሣሥ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚገለገልበትን ላይብረሪ፣ ማለት አስቀድሞ የተዘጋጀውን የትእዛዝ ስብስብ፣ ወደ አዲሱ ማዛወር ግድ ይሆናል።

ፕሮግራሙ ተሰናክሎ ቢቆም ስሕተቱ ያለበትን ስፍራ ራሱ ስለሚናገር ብዙ አያሳስብም። የሚያሰጋው ሳይቆም እየሠራ ሌላ ውጤት የሚሰጥ እንደ ሆነ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ 48 ኩንታል ስንዴ ያስጫነ ነጋዴ ለመኪና ኪራይ 10,000 ብር ከፍሏል እንበል። አሮጌው እትም ሙሉ ቁጥርን በሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ትራፊውን ይጥላልና ለአንዱ ኩንታል 208 ብር ብቻ ያስባል። ይህ በ48 ሲባዛ 9,984 ብር ስለሚሆን 16 ብር የትም ሳይጻፍ ይቀራል። አዲሱ ግን 208 ብር ከ33 ሳንቲም ያወጣል። በዚህ በኩል አዲሱ ይሻላል። ነገር ግን 1,030 ኪሎ እህል በባለ 50 ኪሎ ጆንያ ሲሞላ፣ አሮጌው 20 ሙሉ ጆንያ ያለውን አዲሱ 20.6 ይለዋል፤ እንዲህ ያለ ጆንያ ደግሞ በማንም መጋዘን የለም። ስለዚህ ባለሙያው የማካፈያውን ምልክት አንድ በአንድ እየተመለከተ፣ ለገንዘብ « / »፣ ለሚቆጠር ዕቃ « // » ማድረግ አለበት። ቀድሞ ከፓይተን ጋራ ይሰጥ የነበረው የማዛወሪያ መሣሪያ ይህን አይለይም፤ የትኛው ገንዘብ፣ የትኛው ጆንያ እንደ ሆነ የሚያውቀው ነጋዴው ነውና ከባለሙያው አጠገብ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ጉዳይ የፊደላችን ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። አሮጌው እትም ባይቱን ስለሚቆጥር «መካነ ሰላም» የሚለው ስም 19 ሆኖ ይታየዋል፤ አዲሱ ፊደሉን ይቆጥርና ክፍተቱን ጨምሮ 7 ይላል። የቀድሞው ጸሓፊ ይህን ለማካካስ የደረሰኙን ዐምድ በግምት አስፍቶ እንደ ሆነ፣ ዐምዱ አሁን ይዛባል። የቆዩ ፋይሎችም ሲከፈቱ አጻጻፋቸው ዩቲኤፍ-8 መሆኑ በግልጽ ይነገር።

አሮጌው ከመወገዱ በፊት የአንድ የተዘጋ ወር መዝገብ በሁለቱም ይሠራና ድምሩ ይመሳከር፤ ልዩነት የታየበትም ቁጥር ከወረቀቱ ደረሰኝ ጋራ ይታይ። የሚመረጠው ወር ጎዶሎ ኩንታል የበዛበት ቢሆን ይሻላል፤ ቁጥሩ ሁሉ ያለ ትራፊ በሚካፈልበት ወር ልዩነቱ አይገለጥም።