ጥርስ ሳይጸዳ አይተኛ፦ ከሕፃን ድድ እስከ አያት ጥርስ

በጅማ አቅራቢያ ባለችው በሰቃና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች መፋቂያ የጠዋት ነው፤ ሰው አፉን እየፋቀ ገበያውም ሥራውም ይሄዳል። ጥሩ ልማድ ነው። ጥርስ ይበልጥ የሚጎዳው ግን ሌሊት ነው፤ ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል፣ ከማታው ቡና የቀረውን ስኳር ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱም ጥርሱን ይሸረሽረዋል። ስለዚህ ከቤተሰቡ ማንም ጥርሱን ሳያጸዳ አይተኛ።

ከሕፃኑ ጀምሩ። ጥርስ ሳያበቅል ድዱን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት። 6 ወር ገደማ የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ሲል ለስላሳ ብሩሽ ያዙ፤ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የሩዝ ፍሬ ያህል ይበቃዋል፣ ከ3 ዓመት በኋላ የአተር ፍሬ ያህል። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ሰው ጥርስ የበለዘው የጉድጓዱ ውሃ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ስላለው ነውና በዚህ መጠን አትስጉ።

ሕፃኑን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱ ላይ ነጭ እብጠት ብታዩ «ግግ ነው» ብላችሁ አታስወጡበት፤ እባካችሁ። እብጠቱ ሥር ያለችው ልትበቅል የተዘጋጀች የክራንቻ ጥርስ ናት። ስትጎለጎል ልጁ ይደማል፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ወደፊት የሚበቅለው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። ለተቅማጡ ኦ አር ኤስ ስጡትና ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ወላጅ አብዝቶ የሚዘነጋው 6 ዓመት ገደማ የሚበቅለውን መንጋጋ ነው። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከኋላ ስለሚወጣ የወተት ጥርስ ይመስላል፤ ሲቦረቦር «ይወልቅና ሌላ ይተካዋል» ተብሎ ይታለፋል። አይተካም! ልጁን ደጅ ብርሃን ላይ አውጡት፣ ጭንቅላቱን ጭናችሁ ላይ አስደግፉትና አፉን አስከፍቱት። ከታችኛው ጥርሶቹ መሐል ተነሥታችሁ ወደ አንድ ጎን ቁጠሩ፤ ስድስተኛው እሱ ነው። ገና ሲወጣ ከሌሎቹ ዝቅ ስለሚል ብሩሽ ያልፈዋል፤ ብሩሹን ከጉንጭ በኩል አግድም አስገብታችሁ ላዩን ፈትጉለት። እስከ 7 ወይም 8 ዓመቱ ድረስ የማታውን እናንተ አጽዱለት። ሲጨርስ አረፋውን ይትፋ እንጂ በውሃ አይጉመጥመጥ።

ኳስ ሲጫወት ቋሚ ጥርሱ ከነሥሩ ቢወልቅ ሥሩን ሳትነኩ አንሡት፣ ወተት ውስጥ አድርጉና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ድረሱ። የወተት ጥርስ ግን ተመልሶ አይተከልም።

ለአዋቂ ዋናው ነገር ስኳር በቀን ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ ይገባል የሚለው ነው። ከአቦል እስከ በረካ ሁሉም ስኒ ስኳር ካለው፣ ያውም በቀን ሁለት ሦስቴ ከተፈላ፣ ጥርሱ ፋታ አያገኝም። በጨው መጠጣት የለመደ ቤት ለጥርሱ የተሻለውን ይዟል፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ያለ ስኳርም ያለ ጨውም ቢለምደው ይበጀዋል። ጫት በአንድ ጉንጭ ይዞ ለሰዓታት መቆየት በዚያ ጎን ያለውን ድድ ይጎዳል፤ ከላዩ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

መፋቂያ ስትጠቀሙ የወይራውን ወይም የክትክታውን ጫፍ አኝካችሁ እንደ ብሩሽ በትኑት። ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ፋቁ፤ በምላስ በኩል ያለውንም አትዝለሉ። ያረጀውን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉ። ለማታው ግን ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ይሁን።

ነፍሰ ጡር ስትፋቅ ድዷ ቢደማ መፋቋን አታቁም፤ ስታቆም ይብስባታል። በእርግዝና ጊዜም ጥርስ ይታከማል፣ እርጉዝ መሆኗን ለሐኪሙ ትንገር።

አያቶች የሚወስዷቸው አንዳንድ መድኃኒቶች፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ጭምር፣ አፍ ያደርቃሉ፤ ድዱ ሲሸሽ የጥርሱ ሥር ይጋለጣል። ውሃ ቶሎ ቶሎ አቅርቡላቸው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ማታ ይውለቅና ታጥቦ ውሃ ውስጥ ይደር።

ጥርስ ሲያም ቅርንፉድ ለጊዜው ያስታግሳል፤ አስፕሪን ግን ድድ ላይ አታስቀምጡ፣ ያቃጥላል። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ሳታድሩ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሂዱ፤ ከሰቃ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።