የበግ ጠባቂ ውሻ መዳፍ ሲያብጥ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ገጠር ውሻ ትልቅ ሥራ አለው። ቀን ከእረኛው ጋር ሲዞር ይውላል፤ ሌሊት በረቱ አጠገብ ሆኖ ጅብ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ በጉ ሲታመም ሐኪም የሚፈልግ ሰው ውሻው ሲያነክስ «ልሶ ያድነዋል» ብሎ ይተወዋል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የውሻ ምራቅ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን የማዳከም ባሕርይ አለው፤ ነገር ግን ሻካራው ምላስ በማገገም ላይ ያለውን ቆዳ እየፋቀ፣ እርጥበቱም ቆዳውን እያላላ ቁስሉን ያቆየዋል። በሦስት እግሩ የሚያነክስ ውሻ ደግሞ በጎቹን ከጅብ ሊያስጥል አይችልም።

ውሻ እንደ ሰው በተረከዙ አይረግጥም፤ የሚራመደው በጣቶቹ ነው። ብዙዎች ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስላቸው የኋላ እግሩ መገጣጠሚያ በእርግጥ ቁርጭምጭሚቱ ነው። ከጣቶቹ ሥር የሚታዩት ወፋፍራም ክፍሎች፣ የመዳፍ ትራስ ልንላቸው እንችላለን፣ በውስጣቸው ስብና ጠንካራ አያያዥ ሕብረ ሕዋስ ይዘዋል፤ የላብ ዕጢዎችም አሏቸው። በመንዝ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ይህ ባዶ እግር ለምን አይበርድም? ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ በመዳፉ ውስጥ ሙቅ ደም የሚያመጡት ደም ቅዳ ቧንቧዎች ቀዝቃዛ ደም በሚመልሱ የደም መልስ ቧንቧዎች መረብ የተከበቡ መሆናቸውን አሳይተዋል። ሙቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሮ ወደ ሰውነት ይመለሳል።

ይህ በደም ቧንቧ የበለጸገ ክፍል ሲጎዳ ጥቃቅን ቧንቧዎቹ ይሰፋሉ፤ ግድግዳቸውም ፈሳሽንና ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ሕብረ ሕዋሱ ያሳልፋል። መዳፍ የሰውነት የታችኛው ጫፍ በመሆኑ ፈሳሹ በስበት ኃይል እዚያው ይጠራቀማል። እብጠት የምንለው ይህንኑ ነው።

እብጠት ሲታይ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ስንት መዳፍ አበጠ?» የሚለው ነው። ያበጠው አንድ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ነው፤ እሾህ፣ ስለታም ድንጋይ፣ የተሰነጠቀ ጥፍር፣ የንብ ንድፊያ፣ የሌላ ውሻ ንክሻ ወይም ስብራት ሊሆን ይችላል። ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርደው የመርሐቤቴ ቆላ ደግሞ የእባብ ንክሻም መታሰብ አለበት፤ እብጠቱ በሰዓታት ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ከሄደ ውሻውን ሳያስሮጡ ወደ ሐኪም ማድረስ እንጂ ሌላ ነገር መሞከር አይገባም። በፀጉሩ ሥር ተሸፍኖ እግሩን ያነቀ ክር ወይም ሲባጎ መኖሩንም መፈተሽ ይጠቅማል።

ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሹሉ የገብስ ጸጉር ነው። መንዝ የገብስ አገር ነው። የገብስ ዛላ ጸጉር በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጠርዙ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ያጋደሉ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። በአጨዳ ወይም በውቂያ ጊዜ በውሻው ጣቶች መካከል ከገባ፣ ውሻው በተራመደ ቁጥር ወደ ፊት ይገፋል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ቆዳ በስቶ ወደ ውስጥ ይጓዛል። ከቀናት በኋላ በጣቶቹ መካከል ቀይ እባጭ ይወጣል፤ ይፈነዳል፤ የዳነ መስሎ ይደፈንና እንደገና ያብጣል። እንዲህ የሚመላለስ እባጭ በውስጡ ባዕድ ነገር መቅረቱን ስለሚጠቁም፣ የሚያስፈልገው ቅባት ሳይሆን የሐኪም ምላጭ ነው።

መዳፉን ከመንካት በፊት ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሕመም ያለበት ውሻ ጌታውንም ይነክሳል፤ ውሻውን ይዞ የሚያየውም ብዙውን ጊዜ ሕፃን እረኛ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ጠባዩ የተለወጠ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ ወይም መዋጥ ያቃተው ውሻ በምንም ምክንያት አይነካም። ጤነኛ የሚመስለውም ቢሆን አፉ በጨርቅ መቀነት ከላይ ተጠምጥሞ፣ ከአገጩ ሥር ተሻግሮ፣ ከጆሮው ኋላ መታሰር አለበት፤ ይህም ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ውሻ ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወግደው በማለክለክ ነው። መዳፉ የቆሰለው በማይታወቅ እንስሳ ንክሻ ከሆነ በባዶ እጅ መንካት አይገባም። ውሻው ሰው ከነከሰ ቁስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው።

ሕክምናው ራሱ ቀላል ነው። ፈልቶ ለብ ባለ 1 ሊትር ውኃ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟል፤ መዳፉ በዚህ ውኃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይነከራል፤ በተለይ በጣቶቹ መካከል በደንብ ይደርቃል። የሚታይ እሾህ በወረንጦ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጠልቆ የገባ እንጨት ወይም ብረት ግን ሲነቀል ብዙ ደም ሊያፈስ ስለሚችል ለሐኪም ይተዋል። ደም ከፈሰሰ በንጹሕ ጨርቅ ለ5 ደቂቃ ያህል ሳይገልጡ መጫን ነው። በጣቶች መካከል ጥጥ ተደርጎ ፋሻው ከታች ወደ ላይ ይጠመጠማል፤ የሁለቱ መካከለኛ ጣቶች ጥፍር ጫፍ ግን ሳይሸፈን ይቀራል። ጥፍሮቹ እርስ በርሳቸው ከተራራቁ ውስጡ እያበጠ ነው፤ ፋሻው ጠብቋል ማለት ነው። በደም መልስ ቧንቧ ያለው ግፊት ከደም ቅዳው እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ ጥብቅ ፋሻ መውጫውን ዘግቶ መግቢያውን ክፍት ይተዋል። እርጥብ ፋሻም በዚያው ቀን መለወጥ አለበት።

ቁስልን በጋለ ብረት መተኮስ ሕብረ ሕዋስን ገድሎ ለባክቴሪያ ምግብ ያዘጋጃል። ናፍጣና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውሻው ሲልሰው ወደ ሆዱ ይገባል። ለሰው የሚሰጡት ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለውሻ መርዝ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ጉበትንና ቀይ የደም ሕዋሳትን፣ ሁለተኛው ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። እግሩን ጨርሶ የማያስረግጠው፣ መግል የሚፈሰው ወይም በ2 ቀን ውስጥ የማይሻለው ውሻ ወደ እንስሳት ክሊኒክ መወሰድ አለበት። በአረጀ ውሻ አንድ ጣት ብቻ ለሳምንታት አብጦ ጥፍሩን ከጣለ ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል ራጅ ያስፈልገዋል።

ከአንድ በላይ መዳፍ ሲታመም ነገሩ ይለወጣል። በጣቶች መካከል ፀጉር እየረገፈ የሚያሳክክ ከሆነ እከክ አምጪ ተባዮች ይጠረጠራሉ። የአራቱም መዳፍ ትራስና አፍንጫው ደንድኖ ከተሰነጠቀ፣ ከዚያም በፊት ትኩሳት፣ የዓይን ፈሳሽና ሳል ከነበረ ግን ዲስቴምፐር ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ የሚመጣው ከኩፍኝ ቫይረስ ጋር በሚዛመድ ቫይረስ ነው፤ ሰውን አይዝም።

ለመንዝ ግን ቀላል ነገር አይደለም። በመንዝ ጌራ ምድር፣ ሕዝቡ በቀሮ ሥርዓት ለብዙ ዘመናት ሲጠብቀው በኖረው የጓሳ ሣር ምድር፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ ጠቅላላ ቁጥሩም በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር ነው። ዲስቴምፐር እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2015 በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል፤ የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። ለሁለቱም በሽታዎች የውሻ ክትባት አለ። መዳፉ የደነደነ ውሻ ከበጎቹ ጋር ወደ ጓሳ መውጣት የለበትም፤ በቤት ታስሮ፣ ከሌሎች ውሾችና ከመመገቢያቸው ተለይቶ፣ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በዚያው ቀን መነገር አለበት።