ስለ ኢሜይል ሰርቨርና ስለ ክላየንት ሰርተፊኬት

ፕሮፎርማ ኢንቮይስ፥ የጭነት ማስታወቂያና የባንክ ሒሳብ ቊጥር ዛሬ የሚላኩት በኢሜይል ነው። ስለዚህ በንግድ ቤቱ ስም ደብዳቤ ወደሚያወጣው ሰርቨር ሌላ ሰው የገባ እንደ ሆነ፥ የሒሳቡን ቊጥር ለውጦ ገንዘቡን ለራሱ ሊያስከፍል ይችላል። ይህን አደጋ ለመቀነስ ከሚጠቅሙት ጥበቃዎች አንዱ ክላየንት ሰርተፊኬት የሚባለው ነው።

ክላየንት ማለት በዚህ ሙያ ዕቃ ገዢ ማለት ሳይሆን፥ ከሰርቨሩ አገልግሎት የሚጠይቀው ፕሮግራም ነው። የንግድ ቤቱ የሒሳብ ፕሮግራም ኢንቮይሶችን በራሱ የሚልክ ከሆነ፥ እርሱ ለኢሜይል ሰርቨሩ ክላየንት ነው።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ፕሮግራም የሚገባው በይለፍ ቃል ነው። ነገር ግን የይለፍ ቃል ቃል እንደ መሆኑ፥ ያወቀው ሁሉ ሊጠቀምበት ይችላል። ሰርተፊኬት ግን በማኅተም ይመሰላል፤ ማኅተሙ ከባለቤቱ ሣጥን ሳይወጣ በወረቀቱ ላይ የሚታየው ምልክቱ ብቻ ነውና።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ፕሮግራሙ ቊጥሩ 587 በሆነው ፖርት ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ፥ ስታርት ቲ ኤል ኤስ በተባለው ትእዛዝ መስመሩን ምስጢራዊ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ ሰርቨሩ የራሱን ሰርተፊኬት ያሳያል፤ ከፕሮግራሙም ሰርተፊኬት ይጠይቃል። ፕሮግራሙ ሰርተፊኬቱን ልኮ በምስጢራዊ ቁልፉ ይፈርማል። ቁልፉ ራሱ ግን ፈጽሞ አይላክም፤ ሰርቨሩ ፊርማውን የሚመረምረው በሰርተፊኬቱ ውስጥ በሚገኘው ይፋዊ ቁልፍ ነው።

ፕሮግራሙ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ፥ ጸሐፊው በመጀመሪያ ክሪኤት ዲፎልት ኮንቴክስት በሚባለው ትእዛዝ የጥበቃውን ደንብ ያዘጋጃል። ከዚያም ሎድ ሰርት ቼይን በሚባለው ሰርተፊኬቱንና ቁልፉን ጨምሮ፥ ደንቡን ለስታርት ቲ ኤል ኤስ ያስረክባል። የፋይሎቹን ስም በቀጥታ ለስታርት ቲ ኤል ኤስ መስጠት የቀድሞ ልማድ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ፓይተን 3.12 ቀርቷል።

ነጋዴው ኮዱን ማንበብ ባይችልም፥ ሥራውን ከመረከቡ በፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይገባዋል።

1ኛ/ የኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ክላየንት ሰርተፊኬት የሚቀበል መሆኑን፤ ሁሉም አይቀበሉምና።

2ኛ/ ፕሮግራሙ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት ሁልጊዜ የሚመረምር መሆኑን። ስሕተት በታየ ጊዜ ምርመራውን መዝጋት፥ ዘበኛውን አሰናብቶ መጋዘኑን ክፍት እንደ መተው ነው።

3ኛ/ የቁልፉ ፋይል ከኮዱ ጋር ያልተቀመጠና ከፕሮግራሙ በቀር ሌላ የማያነበው መሆኑን። ቁልፉ ከተሰረቀ ሰርተፊኬቱን ወዲያው ማሰረዝ ያስፈልጋል።

4ኛ/ ሰርተፊኬቱ የሚያበቃበት ቀን ከንግድ ፈቃድ ማሳደሻው ቀን ጋር በመዝገብ መያዙን። ቀኑ ካለፈ ሰርቨሩ ስለማይቀበለው ኢንቮይሱ ሳይላክ ይቀራል።

በመጨረሻም፥ ይህ ሰርተፊኬት ፕሮግራሙን ለሰርቨሩ ያስተዋውቃል እንጂ፥ የደብዳቤውን እውነተኛነት በውጭ አገር ላለው ገዢ አይመሰክርም። ስለዚህ የሒሳብ ቊጥር ተለወጠ የሚል ኢሜይል የደረሰው ሁሉ፥ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ቀድሞ በሚያውቀው የስልክ ቊጥር ደውሎ ማረጋገጥ አለበት።