የትላልቅ ዘበኛ ውሾች ጠባይና አያያዝ

ማስቲፍ የሚባሉት ትላልቅ የውሻ ዘሮች ከጥንት ጀምሮ ለቤትና ለከብት ጥበቃ ሲረቡ የኖሩ ናቸው። የእንግሊዙ ማስቲፍና የደቡብ አፍሪካው ቦርቦል ከዚሁ ወገን ይቆጠራሉ። ያደገ ወንድ የእንግሊዝ ማስቲፍ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። በዊንጌት አካባቢ ለወተት ላሞችና ለመጋዘን ጥበቃ ተብሎ ሲያዝ ስላየን ይህን አዘጋጅተናል።

ማስቲፍ ረጋ ያለና ብዙ የማይጮህ ውሻ ነው። ይህን ያልተረዳ ገዢ ሰንፏል ብሎ እንዲከፋ ይተነኩሰዋል፤ ታላቅ ስሕተት ነው። ሌባ መምጣቱን ለማሳወቅ ብቻ ከሆነ የአገራችን ውሻ ይበቃል፤ ወጪውም ያንሳል። ማኅበሩ ማስቲፍ ከገዛ አንድ ኃላፊ ሰው ይመደብለት። ቡችላው ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ዕድሜው ከሰው፣ ከሕፃናትና ከከብት ጋር ይለማመድ። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ ግን ቁጡ ይሆናል።

በአመጋገብ ረገድ ብዙ ጥፋት ይደርሳል። ቶሎ እንዲገዝፍ ተብሎ ያለ ልክ የተቀለበ ቡችላ አጥንቱና የዳሌው መገጣጠሚያ ይበላሽበታል። እድገቱ እስከ 2 ዓመት ስለሚዘልቅ ማቻኮል አያስፈልግም። ያደገውን ውሻ በቀን አንድ ጊዜ ከማጥገብ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ማብላት፣ ከበላም በኋላ ማሳረፍ ይገባል። ሆዱ ተነፍቶ፣ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው ጨጓራው ዞሮ ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድለዋልና ያለ መዘግየት ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። የወጥ ትራፊም ሽንኩርት ስላለበት ደሙን ይጎዳል።

በሁዳዴ የጾም ፍርፋሪ ብቻ ሲበላ የሰነበተ ውሻ በፋሲካ ጥሬ ሳንባና ጉበት ይጣልለታል። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ሳንባ የበላ ውሻ ትል ያፈራል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በጎችንና ልጆችን ይይዛል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ የሚያድገው ከረጢት በቀዶ ጥገና እስከ መውጣት ያደርሳል። ስለዚህ ከረጢት ያለበት የሆድ ዕቃ ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ጤነኛ የሚመስለውም በደንብ ይቀቀል። ውሻውም በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ፕራዚኳንቴል ይሰጠው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወር ዕድሜ ይጀመራል፤ በየዓመቱም ይደገማል። ውሻ ሰው ቢነክስ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሰውየውም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጤነኛ የሚመስለው ውሻ 10 ቀን ታስሮ ይጠበቃል እንጂ በችኮላ አይገደል። ከሞተ ግን ምርመራው በአንጎሉ ስለሆነ ጭንቅላቱ እንዳይፈጠፈጥ መጠንቀቅ ያሻል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቆርጦ በበረዶ ይዞ፣ ብዙዎች እስከ ዛሬ ፓስተር እያሉ ወደሚጠሩት ጉለሌ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላክ። የተነከሰው ሰው ግን ውጤቱን ሳይጠብቅ ክትባቱን ይጀምር።