ምድር ለጠበበችበት ሰው የተሰጠ ትምህርት

ምስጋና የተሰበረውን ልብ ለሚጠግነው ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ወንድሜ ሆይ፥ የነጋዴ ኪሳራ ብዙ ዓይነት ነው። ገንዘብ ቢጠፋ በሥራ ይተካል፤ ዕቃም ቢበላሽ በሌላ ይለወጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሰው ራሱን መጠርጠር የጀመረ እንደ ሆነ ነው። አንድ ጊዜ ቃሉን ያጥፋል፤ ወይም በቸልታ የሰው አደራ ያበላሻል፤ ከዚያ ወዲያ ሚዛን በጨበጠ ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጣል። «እኔ ለአደራ የማልበቃ ሰው ነኝ» ብሎ ሱቁን ዘግቶ ከቤቱ ይውላል፤ ሰላም የሚሉትም ሁሉ የሚዘብቱበት ይመስለዋል። ይህ ሰው በምን መንገድ ይመለሳል? መልሱን ከከዕብ ኢብኑ ማሊክ ታሪክ እንማር፤ አላህ ሥራቸውን ይውደድላቸው። ታሪኩን ራሳቸው ለልጃቸው ለዐብደላህ ነግረውታል፤ ቡኻሪና ሙስሊምም በሐዲስ መጻሕፍታቸው መዝግበውታል።

ከዕብ ከመዲና አንሷሮች ወገን፥ በዐቀባ ቃል ኪዳን ከገቡት አንዱ፥ ገጣሚም ነበሩ። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ፥ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ630፥ ነቢዩ ወደ ተቡክ ለመዝመት ሕዝቡን ጠሩ። ጊዜው ሐሩር ነበረ፤ የመዲናም ፍሬ ደርሶ ጥላው ያጓጓ ነበር። ከዕብ ምክንያት አልነበራቸውም፤ እንደዚያን ጊዜ ጉልበትና ሀብት አግኝተው አያውቁም፤ ሁለት የመቀመጫ ግመሎችም ነበሯቸው። ዛሬ ነገ እያሉ ሲዘገዩ ጦሩ ራቀ። ከዚያ በኋላ በከተማው ሲዘዋወሩ የሚያዩት፥ በንፍቅና የሚጠረጠረውን ወይም አቅም የሌለውን ሰው ብቻ ሆነ። ኀዘናቸው ከዚህ ጀመረ።

ነቢዩ በተመለሱ ጊዜ ሰማንያ ያህል ሰዎች እየማሉ ምክንያት አቀረቡ፤ ነቢዩም የአፋቸውን ተቀብለው የልባቸውን ለአላህ ተዉት። ከዕብ አንደበተ ርቱዕ ስለ ነበሩ ከሁሉ የተሻለ ምክንያት መደርደር አያቅታቸውም ነበር። ነገር ግን ምንም ምክንያት እንዳልነበራቸው በግልጽ ተናገሩ። ሙራራ ኢብኑ አር-ረቢዕና ሂላል ኢብኑ ኡመያም እንደዚሁ አደረጉ። የአላህ ፍርድ እስኪመጣ ድረስ ሰው ሁሉ ሦስቱን እንዳያነጋግር ታዘዘ፤ አርባ ቀን ሲሞላም ከሚስቶቻቸው እንዲርቁ ተነገራቸው። ቁርኣን በተውባ ምዕራፍ እንደሚያወሳው፥ ሰፊዋ ምድር ጠበበቻቸው፤ የገዛ ነፍሳቸውም ጠበበቻቸው።

ከዚህ ታሪክ አምስት ትምህርት እናገኛለን።

አንደኛ፤ መሠረቱ እውነት ነው። ስሕተቱን የሸፈነ ሰው ሰው ቢያምነውም እርሱ ራሱን አያምንም፤ ሌላው የማያውቀውን እርሱ ያውቃልና። ከዕብ ሁሉን ባጡባት ቀን እውነተኛነታቸው በእጃቸው ቀረ።

ሁለተኛ፤ ከመንገድ አለመቅረት ነው። ሁለቱ ባልንጀሮቻቸው በቤታቸው ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር፤ ለእነርሱም እንባቸው ተውበት ሆነላቸው። ከዕብ ግን በዕድሜ ያነሱና ብርቱ ስለ ነበሩ፥ ከሙስሊሞች ጋራ እየሰገዱ በገበያም እየዞሩ ቆዩ። ማንም አያነጋግራቸውም። ለነቢዩ ሰላምታ አቅርበው፥ ከንፈራቸው ለመልስ ተንቀሳቅሶ እንደ ሆነ ይመለከቱ ነበር። አንተም ልብህ እስኪጸና አትጠብቅ፤ ልብህ እየፈራ እግርህ ወደ መስጊድና ወደ ሥራህ ይሂድ።

ሦስተኛ፤ ክብርን ከማይገባ ቦታ አለመግዛት ነው። እህል ሊሸጥ ከሻም የመጣ ሰው ከገሳን ንጉሥ ደብዳቤ አመጣላቸው፤ ወደ እርሱ ቢሄዱ በክብር እንደሚቀበላቸው የሚገልጽ ነበር። ከዕብ ይህም ሌላ ፈተና መሆኑን አውቀው ደብዳቤውን በምድጃ አቃጠሉት። ያዘነ ነጋዴም እንዲህ ያለ ጥሪ አያጣም፤ የሚያሞግሰው ወዳጅና የሐራም ትርፍ የሚያቀርብለት ሸሪክ ወዲያው ይመጣል።

አራተኛው ትምህርት ለቤተሰብና ለጎረቤት ነው። በአምሳኛው ሌሊት ንጋት፥ ከዕብ በቤታቸው ጣራ ላይ ሱብሒን ሰግደው እንደ ተቀመጡ፥ ከሰልዕ ተራራ የምሥራች የሚጣራ ድምፅ ሰሙ። የለበሱትን ሁለት ልብስ ለአብሣሪው ሰጥተው፥ ሌላ ተውሰው ወደ መስጊድ ሄዱ። በዚያም ጠልሐ ኢብኑ ዑበይዲላህ ተነሥተው እየሮጡ ጨበጧቸው። ከዕብ ይህን ውለታ ለጠልሐ አልረሱም። በተቡክም ሳሉ አንድ ሰው ከዕብን ሲያማ፥ ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል ተቃውመው መልካምነታቸውን መስክረው ነበር። እናንተ አባቶችና እናቶች፥ የወደቀ ልጃችሁ በር ሲያንኳኳ ማን ትሆኑለታላችሁ? ስሕተቱን የሚቆጥር ሞልቷል፤ ተነሥቶ የሚጨብጠው ግን ጥቂት ነው።

አምስተኛ፤ ከተመለሱ በኋላ በልክ መኖር ነው። ከዕብ ከደስታቸው የተነሣ ሀብታቸውን ሁሉ ሊመጸውቱ አሰቡ፤ ነቢዩ ግን ከፊሉን እንዲያስቀሩ መከሯቸው፤ እሳቸውም የኸይበር ድርሻቸውን አስቀሩ። የገቡትም ቃል በሕይወት እስካሉ ድረስ እውነትን ብቻ መናገር ነበረ። በአንድ ቀን ትልቅ ሥራ የትናንቱን ሁሉ ለመደምሰስ የሚሮጥ ሰው ቶሎ ይደክማል፤ በየቀኑ የምትጠበቅ ቃል ግን ሰውን ታቆመዋለች።

ወንድሜ ሆይ፥ ለአንተ ከሰልዕ ተራራ የሚጣራ የለም፤ የሰው ሁሉ ምሕረት እስኪሰማ ድረስ አትቀመጥ። የተውበት በር ዛሬም ክፍት ነው። ነገ ጧት ከሸሸኸው ባለዕዳህ ዘንድ ሂድ። በደልህን ሳትሸፍን ንገረው፤ የምትችለውን ያህል ጥቂት ቀጠሮ ስጠው፤ በቀኑም ድረስ። ሁለተኛውን ቀጠሮ ስትፈጽም እጅህ በሚዛን ላይ መንቀጥቀጡን እየተወ ይሄዳል። አማኝ በራሱ የሚተማመነው እንከን የሌለው ሆኖ አይደለም፤ ሲሳሳት ወደ ማን እንደሚመለስ ስለሚያውቅ ነው።

አላህ ሆይ፥ ምድር የጠበበችበትን ሁሉ አስፋለት፤ ምላሳችንን ከውሸት፥ ልባችንንም ከተስፋ መቍረጥ ጠብቅልን። አሚን።