ከቅዳሴ በኋላ ያለው ክርስትና

(ንባብ፦ ሉቃ. 3፥10-14፤ ሉቃ. 19፥1-10፤ ያዕ. 5፥1-6)



መጥምቁ ዮሐንስ በዮርዳኖስ አካባቢ ስለ ንስሐ ሲሰብክ ሕዝቡ ልቡ ተነክቶ ምን ማድረግ እንደሚገባው ጠየቀው። ዮሐንስም ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል፣ ምግብ ያለውም እንዲሁ እንዲያደርግ ነገራቸው። ቀራጮች በመጡ ጊዜ ከታዘዘላቸው በላይ እንዳይሰበስቡ፣ ወታደሮችም በጠየቁት ጊዜ ማንንም በግፍ እንዳይነጥቁ፣ በሐሰት እንዳይከሱና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው አስጠነቀቃቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዮሐንስ ቀራጩን መዝገቡን ጥሎ፣ ወታደሩንም ትጥቁን ፈትቶ ከእርሱ ጋር በምድረ በዳ እንዲኖር አላዘዘውም። ለቀራጩ ስለ ቀረጥ፣ ለወታደሩ ስለ ጉልበቱ ነገረው። የንስሐው ፍሬ የሚታየው እያንዳንዱ በተሰማራበት ሥራ፣ ከእጁ በታች ባሉት ሰዎች ላይ በሚያደርገው ነገር ነበርና። ዛሬም እኛ ያንኑ ጥያቄ ብንጠይቅ መልሱ ከዕለት ኑሯችን የራቀ አይሆንም።

1. እምነትና ኑሮ ሲለያዩ

ከ1962 እስከ 1965 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ቤተ ክርስቲያን በዘመናችን ዓለም ስላላት ተልእኮ ባወጣው ሰነድ (ቍ. 43)፣ ብዙዎች በሚመሰክሩት እምነትና በየዕለቱ በሚኖሩት ሕይወት መካከል ያለውን መለያየት ከዘመኑ ከባድ ስሕተቶች አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል። ጉባኤው የሚወቅሰው ሁለት ወገኖችን ነው። አንደኛው፣ አገራችን በሰማይ ነው በማለት ምድራዊ ግዴታውን ችላ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሃይማኖት ማለት የአምልኮ ሥርዓት መፈጸምና ጥቂት ግዴታዎችን መጠበቅ ብቻ ይመስል በዓለማዊ ሥራው ውስጥ እግዚአብሔር እንደሌለ ሆኖ የሚኖር ነው።

ይኸው ጉባኤ በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ፣ ቅድስና የካህናትና የደናግል ድርሻ ብቻ ሳይሆን የተጠመቁ ሁሉ ጥሪ መሆኑን በአምስተኛው ምዕራፍ አስተምሯል። ምእመናን በዓለም መካከል እየኖሩ እንደ እርሾ ዓለምን ከውስጥ እንዲቀድሱ መጠራታቸውንም ገልጧል (ቍ. 31)። እርሾ ሥራውን የሚሠራው ከሊጡ ጋር ተቀላቅሎ እንጂ ተለይቶ ተቀምጦ አይደለም። በሳምንት ውስጥ 168 ሰዓቶች አሉ። በቤተ ክርስቲያን የምናሳልፈው ከእነዚህ ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ዲያቆኑ በሰላም ሲያሰናብተን የሚጀምረው ቀሪው ጊዜ የእግዚአብሔር ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

2. ሚዛኑ፣ ጠረጴዛውና ምስክርነቱ

ሰባተኛውን ትእዛዝ ስናስተምር ብዙዎች ሌሊት አጥር ዘሎ የሚገባውን ሌባ ብቻ ያስባሉ። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ግን (ቍ. 2409) የተዋሱትን ወይም ወድቆ ያገኙትን ሆን ብሎ አለመመለስን፣ በንግድ ማታለልን፣ ፍትሐዊ ያልሆነ ደመወዝ መክፈልን፣ የሌላውን ችግር ተጠቅሞ ዋጋ ማናርን፣ ሥራን አበላሽቶ መሥራትን ጭምር ከዚህ ትእዛዝ ጋር ይቈጥራቸዋል።

በቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በበርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅል ነጋዴ ከዚህ ትምህርት አያመልጥም። ባለጉዳይን ያለ ምክንያት «ነገ ተመለስ» እያለ የሚያመላልስ፣ እጅ መንሻ ሲያይ ግን የጠፋው ፋይል የሚገኝለት የቢሮ ሠራተኛም እንዲሁ ነው። በድንበር ክርክር ለዘመዱ አድልቶ ያላየውን አየሁ የሚል ምስክር ደግሞ ስምንተኛውን ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ሰባተኛውንም ይተላለፋል፤ በቃሉ የጎረቤቱን መሬት ይወስዳልና። የዘሌዋውያን መጽሐፍ እውነተኛ ሚዛንና መስፈሪያ እንዲኖረን ሲያዝ (19፥35-36) ሚዛኑን የአምልኮ ያህል ያከበረው በከንቱ አይደለም።

3. በገዛ ቤታችን

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን የሌላውን ሳይሆን የራስን ሚዛን ማየት ነው። ይህን ስጽፍ ራሴን እንደ ምሳሌ ላቅርብ። በአንድ ወቅት ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁ ሕፃናትን ስለ ሦስተኛው ትእዛዝ አስተምር ነበር። ሰንበትን ማክበርና ማስቀደስ የእያንዳንዱ ካቶሊካዊ ግዴታ መሆኑን ካስረዳሁ በኋላ ጥያቄ ያለው እጁን እንዲያወጣ ጋበዝሁ። ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረው ልጄ በቤታችን የምታገለግለውን ልጅ ስም ጠርቶ፣ «እርሷስ መቼ ታስቀድሳለች?» አለ።

የምመልሰው አጣሁ። ልጅቱ በገጠር ቁምስና ተጠምቃ ያደገች ናት። ሆኖም ሁለት ዓመት ሙሉ እኛ እሑድ እሑድ ነጭ ልብሳችንን ለብሰን ስንወጣ፣ እርሷ ስንመለስ የምንበላውን ወጥ ለመሥራት ትቀር ነበር።

ያን ዕለት ማታ ሌላውንም መመርመር ጀመርሁ። ደመወዟን «እናጠራቅምልሻለን» በማለት በእጃችን ካቆየን ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ገንዘቡ ግን አልተጠራቀመም፤ በቤት ኪራይና በትምህርት ቤት ክፍያ አልቆ ነበር። ጠርቼ ስነግራት አንገቷን ደፍታ፣ «ግድ የለም ጋሼ፣ ሲኖርዎት ይሰጡኛል» አለችኝ። ይህ ቃል ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ። በዚያው ዓመት እናቷ ታመው ለሕክምና ገንዘብ ለመላክ እንደ ፈለገች፣ እኔን ለመጠየቅ ፈርታ ግን ከጎረቤት ሠራተኛ እንደ ተበደረች የሰማሁትም በዚያች ምሽት ነው።

እግዚአብሔር የቅጥር ሠራተኛ ዋጋ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር አዝዟል (ዘሌ. 19፥13)፤ ድኻው በዚያ ዋጋ ላይ ልቡን ጥሏልና ፀሐይ ሳይገባ እንዲሰጠው (ዘዳ. 24፥14-15)። ሐዋርያው ያዕቆብም የተከለከለው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ያስተምራል (5፥4)። ወደ ዐረብ አገሮች ሄደው የሚሠሩ እኅቶቻችን ደመወዛቸው ሲከለከል፣ የዕረፍት ቀን ሲነፈጉ እናዝናለን፤ ማዘናችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያንኑ ግፍ በገዛ ማድ ቤታችን እየፈጸምን ከሆነ በባዕድ አሠሪ ላይ የምንፈርደው ፍርድ በራሳችን ላይ ይመለሳል።

4. ዕዳ መክፈል ምጽዋት አይደለም

ለልጅቱ ያለብንን በአራት ወር ከፍለን ጨረስን። እሑድም ከእኛ ጋር ወይም በመጀመሪያው ቅዳሴ እንድትገኝ ምግቡን ቅዳሜ ማታ በጋራ ማዘጋጀት ጀመርን። ስለዚህ ምስጋና አይገባንም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ሥራ ባወጣው ሰነድ (ቍ. 8) አስቀድሞ የፍትሕ ግዴታ እንዲፈጸም፣ በፍትሕ የሚገባው ነገር እንደ ፍቅር ስጦታ ተደርጎ እንዳይቀርብ አስጠንቅቋል። የሠራተኛውን ደመወዝ አስቀርቶ በበዓል ቀን ያረጀ ልብስ የሚሰጥ ሰው ቸር ተብሎ ሊመሰገን አይችልም።

ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ለድኾች ከሰጠው እኩሌታ በተጨማሪ፣ ያታለላቸውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ንስሐችን ስሜት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር መመለስ ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያንም የሰው ገንዘብ የወሰደ ለባለቤቱ እንዲመልስ ታስተምራለች (ትምህርተ ክርስቶስ ቍ. 2412)። በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችል በጥቂት በጥቂቱ ይክፈል፤ እንዴት መመለስ እንዳለበት የተቸገረም በምሥጢረ ንስሐ ጊዜ ካህኑን ያማክር።

5. የሚታይ ስብከት

በአገራችን አቡነ ያዕቆብ በመባል የሚታወቁት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ በ1839 ከኢጣልያ ወደ ዓድዋ በመጡ ጊዜ ሕዝቡ በብዙ ጥርጣሬ ነበር የተመለከታቸው። እርሳቸው ግን ልብሱን ለብሰው፣ ምግቡን ተመግበው፣ ቋንቋውን ተምረው በትሕትና አብረውት ኖሩ። ስብከታቸውን ለመስማት ፈቃደኛ ያልነበረው ሁሉ አኗኗራቸውን ማየት ይችል ነበር። በ1860 ዐረፉ፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1975 ቅድስናቸውን አወጁ። የእኛም ጎረቤት፣ የሌላ እምነት ተከታይ ቢሆንም እንኳ፣ ሚዛናችንንና የሠራተኞቻችንን ፊት በየቀኑ ያነባል።

ስለዚህ ማታ ከመተኛታችን በፊት፣ ከጸሎታችን ጋር ሦስት ነገሮችን እንመርምር፦ ዛሬ የማን ላብ በእጄ አድሯል? ዛሬ ማንን በከንቱ አመላለስሁ? ነገ የምመልሰው፣ የምከፍለው ወይም ይቅርታ የምጠይቀው ማንን ነው? የሦስተኛውን መልስ በስም እንጥራው። ስም የሌለው ንስሐ በቶሎ ይረሳልና።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. መጥምቁ ዮሐንስ ዛሬ ወደ ቁምስናችን ቢመጣ ለነጋዴው፣ ለመምህሩ፣ ለገበሬውና ለመንግሥት ሠራተኛው ምን ይላቸው ነበር?

ለ. በቁምስናችን በሥራ ምክንያት በሰንበት ማስቀደስ ያልቻሉ እነማን ናቸው? እንዲችሉ ለማድረግ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ሐ. በፍትሕና በምጽዋት መካከል ያለውን ልዩነት ከዕለት ኑሯችሁ ምሳሌ በመስጠት አስረዱ።

መምህራን ሆይ፣ እነዚህን ጥያቄዎች ለሌሎች ከማቅረባችን በፊት በየቤታችን እንመልሳቸው። ሕፃናቱ እጃቸውን ማውጣታቸው አይቀርምና። የሰላም አምላክ በቤተ መቅደሱ የጀመረውን በቤታችንና በሥራ ቦታችን ይፈጽምልን፤ አሜን።